ሕዝብ ለሕዝብ፤ ምስጋናው የማን ነበር?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአጭር ሥልጠና አውሮፓ ሄጄ ሳለ የሠልጣኞች «የባህል ምሽት» ተዘጋጀ። እኔም ነጭ በነጭ ለብሼ፣ የላሊበላን ፎቶ ግድግዳ ላይ ለጥፌ፣ እንጀራና ዶሮ ወጥ አቅርቤ ቆምኩ። አንድ ሸበቶ ሰው ጉርሻውን እንደያዘ፣ «አሁንስ አገራችሁ ምግብ አለ?» አለኝ። በጥፊ የመታኝ ያህል ደነገጥኩ። ኋላ ስንጫወት ግን እ.ኤ.አ. በ1985 ተማሪ ሳለ የኪሱን ገንዘብ ለረሃቡ ሰጥቶ ኖሯል። እናቴ የወሎ ልጅ ናት፤ በ77 የመጠለያ ስንዴ በልታ የተረፈች። ታዲያ ምን ልበለው?

ስለ «ሕዝብ ለሕዝብ» ማሰላሰል የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። አንባቢ እንደሚያስታውሰው፣ ደርግ መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በሰልፍና በመፈክር ሲያከብር፣ የሰሜኑ ረሃብ በይፋ እንዳይወራ ተደርጎ ነበር። አርባ ቀን ያህል ቆይቶ፣ ጥቅምት 13፣ ሞሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ፊልም ከማይክል በርክ ዘገባ ጋር በቢቢሲ ታየ። የጥቂት ደቂቃ ነገር ነው። የእንግሊዝ ዘፋኞች ተሰባስበው፣ «ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን?» የሚል ጥያቄ ርዕሱ ያደረገ ዘፈን አወጡ። (ላሊበላም ኮረምም ያን ጊዜ በአንድ ወሎ ክፍለ ሀገር ሥር እንደነበሩ የነገራቸው ያለ አይመስልም!) ሐምሌ 6 ቀን ደግሞ የለንደኑና የፊላደልፊያው ታላቅ ኮንሰርት ተከተለ። ኢትዮጵያ ማለት ከዚያ በኋላ ዝንብ የወረረው የሕፃን ፊት ሆነች።

መልሱ በ1980 መጣ። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ የያዘ፣ የየብሔረሰቡን ውዝዋዜ የሚያሳይ ትልቅ የኪነት ቡድን በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ዞረ። ዓላማው ሁለት ነበር፤ ለእርዳታው ማመስገንና «እኛ ይህም አለን» ማለት። ከያንያኑን አልወቅስም፤ ሥራቸው ዛሬም ያኮራል። ላኪው ግን ሌላ ጉዳይ ነበረው። መስከረም ላይ አገሪቱን «ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» ብሎ ሰይሟል፤ አዲስ ልብስ አዲስ መልክ ይፈልጋል። በዚያው ዓመት በሰሜን ዝናብ ዳግም ጠፍቶ መንግሥት እንደገና እህል ይለምን ነበር፤ መጋቢት ላይም አፋቤት ወደቀች። በአንድ እጅ ምስጋና፣ በሌላው ልመና፣ በስተጀርባ ጦርነት። ከበሮው ምን ያህል ቢጮህ ይህን ሊሸፍን ይችላል?

ከዚህ ጋር ሳነጻጽረው የኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ጉዞ ይቀለኛል። ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብ እ.ኤ.አ. በ1963 ያቋቋመው ይህ ቡድን፣ እ.ኤ.አ. በ1969 «ብሉ ናይል ግሩፕ» ተብሎ፣ ማሲንቆ ከተማረው የሰላም ጓድ አባል ከቻርልስ ሳተን ጋር አሜሪካን ዞረ፤ በኤድ ሳሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይም ቀረበ። የሚያስተባብለው ምስል አልነበረበትም፤ መጫወት ብቻ።

ባለፈው የ«ሕዝብ ለሕዝብን» ቪዲዮ ከእናቴ ጋር አየነው። ዘፈኑን እያንጎራጎረች፣ ትከሻዋም እንደ መነቅነቅ ብሎ ነበር። ለእርዳታው ያመሰገኑት በእሷ ስም ጭምር እንደሆነ ስነግራት ዝም አለች።

«ማመስገኑስ ደግ ነው» አለች ቆይታ። «ግን ማን ጠየቀኝ? ያኔ መጠለያው ውስጥ ስንት ነበርን፤ ዘፈኑ ላይ አንዳችንም የለንም።»