የአሮጌው ናፍጣ ሚኒባስ ውሃ ፓምፕ

የመኪና ሞተር በመጀመሪያው ዘመን ያለ ውሃ ፓምፕም ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 ማምረት የተጀመረው ፎርድ ሞዴል ቲ መጀመሪያ ፓምፕ ነበረው፤ ብዙም ሳይቆይ ቀረና ውሃው ሲሞቅ ወደ ላይ፣ ሲበርድ ወደ ታች በራሱ ይዘዋወር ጀመር። የሞተሮች ጉልበት ሲያድግ ፓምፑ የግድ ሆነ። በጥንቶቹ ፓምፖች ዘንግ ዙሪያ ቅባት የጠጣ ገመድ ይጠቀጠቅ ነበር፤ ሲያንጠባጥብ ማጥበቅ ይበቃል። በስፕሪንግ የሚገፋ የካርቦን ማኅተም ሲተካው ግን ፓምፑን በሙሉ መለወጥ የተለመደ ሥራ ሆነ።

በኢትዮጵያ ይህ ሥራ በይበልጥ የሚታወቀው በቶዮታ ሃይኤስ ታክሲዎች ነው። በ2446 ሲሲው 2ኤልና በ2779 ሲሲው 3ኤል ሞተር ፓምፑ ፊት ለፊት ተቀምጦ በቺንጋ ይዞራል። ቬንትሌተሩም እዚያው ስለሚታሰር ኩሽኔቱ ድርብ ሸክም አለበት። ከዘንጉ ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃ ሲወርድ ማኅተሙ አልቋል ማለት ነው። ቀዳዳዋን መድፈን ክፉ ልማድ ነው፤ ውሃው ኩሽኔቱን ይበላዋል።

ለውጡ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ሞተሩ ከፊት ወንበሮች ሥር ስለሆነ እጅ እንደልብ አይገባም። ሞተሩ ከበረደ በኋላ ውሃው ይፈሳል፣ ቺንጋው፣ ቬንትሌተሩ፣ ፑሌጃውና ፓምፑ ይወርዳሉ፣ የአሮጌው ጓርኒሲዮን ቅሪት ተፍቆ ይጸዳል፣ አዲሱ ፓምፕና የወረዱት ክፍሎች ይታሰራሉ፣ በመጨረሻም አየሩ እስኪወጣ ውሃ ይሞላል።

የአዲስ አበባ ከፍታ ጥንቃቄውን ያከብደዋል፤ ክፍት ውሃ እዚያ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ከፍ ባለ ሙቀት እንዳይፈላ የሚያግዘው በራዲያተሩ ክዳን የሚጠበቀው ግፊት ስለሆነ፣ የሚያንጠባጥብ ፓምፕ ውሃውንም ግፊቱንም ያሳጣል፤ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ከልክ በላይ ግሎ የሚሰነጠቀውም በዚህ ነው።