የፊዚክስ ትምህርትን በጥያቄ ካርድ መከለስ፦ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና ለወላጆች የተዘጋጀ መረጃ

ይህ መረጃ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የሚገኙ ተማሪዎች የፊዚክስ ትምህርትን በጥያቄ ካርድ እንዴት መከለስ እንደሚችሉ ያብራራል። ዘዴው ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ የሚጠይቅ በመሆኑ ኤሌክትሪክም ሆነ ኢንተርኔት በሌለበት አካባቢ የሚኖር ተማሪ ሊጠቀምበት ይችላል።

1. የጥያቄ ካርድ ምንድን ነው?

የጥያቄ ካርድ፣ በተለምዶ «ፍላሽ ካርድ» የሚባለው፣ በአንድ ገጹ አጭር ጥያቄ፣ በሌላው ገጹ ደግሞ መልሱ የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት ነው። አንድ የደብተር ወረቀት ለአራት ቢከፈል አራት ካርዶች ይወጡታል። መልሱ ከጀርባ እንዳይታይ ወፈር ያለ ወረቀት ቢሆን ይመረጣል።

አጠቃቀሙ ሦስት ደረጃዎች አሉት። ተማሪው በመጀመሪያ ጥያቄውን ያነባል፤ ቀጥሎ መልሱን አስታውሶ ድምፁን አውጥቶ ይናገራል ወይም በሌላ ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ በመጨረሻም ካርዱን ገልብጦ ያመሳክራል። ዋናው ጥቅም የሚገኘው ከሁለተኛው ደረጃ ነው። ጥያቄውን አንብቦ ወዲያው ካርዱን መገልበጥ ደብተርን ደግሞ ከማንበብ የተለየ ፋይዳ የለውም።

2. ዘዴው የሚጠቅመው ለምንድን ነው?

ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አንዱ የተማሪዎች ቡድን አንድን ጽሑፍ በአራት ክፍለ ጊዜያት ደጋግሞ እንዲያነብ ተደረገ። ሌላው ቡድን በአንዱ ክፍለ ጊዜ ብቻ አንብቦ በቀሪዎቹ ሦስቱ ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን እንዲጽፍ ተደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ በተሰጠው ፈተና የበለጠ ያስታወሱት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ውጤቱ ተገለበጠ፤ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ፣ ደጋግመው ያነበቡት ያስታወሱት 40 በመቶ ያህሉን ነበር።

ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው፣ በንባብ ማግስት የሚሰማው «አውቄዋለሁ» የሚል ስሜት አስተማማኝ መለኪያ አይደለም። ብሔራዊ ፈተና ለዓመታት የተማሩትን የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ተማሪዎች ዕውቀታቸውን አስቀድመው በራሳቸው ጥያቄ ሊመዝኑ ይገባል።

3. በካርዱ ላይ ምን ይጻፍ?

በርካታ ተማሪዎች በካርድ ላይ የሚጽፉት ቀመር ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የፊዚክስ ፈተና በአብዛኛው የሚጠይቀው ቀመሩ መቼ እንደሚሠራና ምን ማለት እንደሆነ ነው። በመሆኑም ከቀመር በተጨማሪ የሚከተሉትን የካርድ ዓይነቶች ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ሀ. ትርጉምና መለኪያ
ጥያቄ፦ በማስና በዌይት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? እያንዳንዳቸው በምን ይለካሉ?
መልስ፦ ማስ በአንድ አካል ውስጥ ያለው የቁስ መጠን ሲሆን በኪሎግራም ይለካል። ዌይት መሬት አካሉን የምትስብበት ፎርስ ሲሆን በኒውተን ይለካል።

ለ. የቀመሩ ቅድመ ሁኔታ
ጥያቄ፦ «የመጨረሻ ቬሎሲቲ = የመነሻ ቬሎሲቲ + አክስለሬሽን × ጊዜ» የሚለው ቀመር የማይሠራው መቼ ነው?
መልስ፦ በእንቅስቃሴው ወቅት አክስለሬሽኑ የሚለዋወጥ ከሆነ።

ሐ. በተደጋጋሚ የሚያሳስት ሐሳብ
ጥያቄ፦ በቀጥታ ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ከፍተኛው ነጥብ ላይ ሲደርስ ቬሎሲቲውና አክስለሬሽኑ ስንት ነው?
መልስ፦ ቬሎሲቲው ዜሮ ነው። አክስለሬሽኑ ግን ዜሮ አይደለም፤ ወደ ታች 9.8 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው።

መ. ከስሌት በፊት የሚቀድም ምርመራ
ጥያቄ፦ አንድ ሰው 20 ኪሎግራም የሚመዝን ጀሪካን ተሸክሞ በሜዳማ መንገድ 50 ሜትር ቢጓዝ፣ የመሬት ስበት በጀሪካኑ ላይ የሠራው ወርክ ስንት ነው?
መልስ፦ ዜሮ። ስበቱ ወደ ታች፣ ጉዞው ደግሞ ወደ ጎን በመሆኑ በመካከላቸው ያለው አንግል 90 ዲግሪ ነው።

ቀመሩን ብቻ የሸመደደ ተማሪ በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ቁጥሮቹን አባዝቶ 10,000 ጁል የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። እንዲህ ያለው ስህተት በፈተና ክፍል ከመድረሱ በፊት በካርድ ላይ ቢታወቅ ይመረጣል።

በአንድ ካርድ ላይ ከአንድ ጥያቄ በላይ አለማብዛት፣ መልሱንም በመማሪያ መጽሐፍ አመሳክሮ መጻፍ ይገባል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ ከመልሱ በታች አጭር ማብራሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማከል ሐሳቡን ለመጨበጥ ያግዛል።

4. ካርዶቹ በየስንት ጊዜው ይከለሱ?

ጋዜጠኛው ሰባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በጀርመንኛ ባሳተመው መጽሐፍ ካርዶችን በክፍል በክፍል ለያይቶ የመከለስ ዘዴን አስተዋውቋል። ዘዴውን በሦስት ፖስታዎች ወይም በላስቲክ በታሰሩ ሦስት ጥቅሎች መተግበር ይቻላል።

• አንደኛ ፖስታ፦ አዲስ ካርዶችና ተማሪው የሳታቸው ካርዶች፤ በየቀኑ ይከለሳሉ።
• ሁለተኛ ፖስታ፦ አንድ ጊዜ በትክክል የተመለሱ ካርዶች፤ በየሦስት ቀኑ ይከለሳሉ።
• ሦስተኛ ፖስታ፦ በድጋሚ በትክክል የተመለሱ ካርዶች፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ይከለሳሉ።

በትክክል የተመለሰ ካርድ ወደሚቀጥለው ፖስታ ያልፋል፤ የተሳተ ካርድ ግን ከየትኛውም ፖስታ ወደ አንደኛው ይመለሳል። በዚህ አኳኋን ተማሪው አብዛኛውን ጊዜውን የሚያውለው በሚከብደው ነገር ላይ ይሆናል። ካርዶቹን በምዕራፍ ቅደም ተከተል ከመደርደር ይልቅ መቀላቀል ይመከራል፤ ፈተናው ጥያቄው ከየትኛው ምዕራፍ እንደወጣ አይናገርምና።

5. ካርድ የማይተካው ሥራ

የጥያቄ ካርድ ስሌት መሥራትን አይተካም። ተማሪዎች ከእያንዳንዱ የካርድ ክለሳ በኋላ ከመማሪያ መጽሐፉ ቢያንስ ሁለት መልመጃዎችን በወረቀት ላይ ሙሉ በሙሉ ሊሠሩ ይገባል። መልመጃ ሲሠሩ የተሳሳቱበት ነጥብ በአዲስ ካርድ ላይ ቢጻፍ ቀጣዩን ክለሳ ያጠናክራል።

6. የወላጆችና የአሳዳጊዎች ድርሻ

ልጆችን ለማገዝ ፊዚክስ ማወቅ ግዴታ አይደለም። ወላጅ ወይም ታላቅ ወንድምና እህት ካርዱን ይዘው ጥያቄውን ሊያቀርቡ፣ ልጁ መልሱን ሳይናገር ካርዱ እንዳይገለበጥ ሊቆጣጠሩ ይችላሉ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ማንበብ የማይችሉ ከሆነም ልጁ ሐሳቡን በቤት ውስጥ በሚነገረው ቋንቋ እንዲያስረዳቸው ቢጠይቁ በቂ ነው። ማስረዳት ካቃተው ካርዱ ወደ አንደኛው ፖስታ ይመለሳል።

አንድን ካርድ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የሳተ ተማሪ ችግሩ የማስታወስ ሳይሆን የመረዳት ሊሆን ይችላል። ካርዱን ለብቻው አስቀምጦ በሚቀጥለው የትምህርት ቀን ለፊዚክስ መምህሩ ወይም ለመምህርቱ በማሳየት ማብራሪያ ሊጠይቅ ይገባል።