ቻርተር የሚፈተንበት ቀን

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን አባባል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። ያኔ ንጉሥ ማለት ዘውድ የጫነ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ካደግሁ በኋላ ግን በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ከትልቅ ጠረጴዛ ጀርባ የተቀመጠው ሁሉ በዚህ አባባል ጥላ ሥር የሚኖር ትንሽ ንጉሥ መሆኑን ተረዳሁ። አለቃ ሲሳሳት ማን ይነግረዋል? የነገረውስ ሰው በማግሥቱ ሥራው ላይ ይገኛል? ይህ ጥያቄ ከየትኛውም ቦታ ይልቅ የሚከብደው በዩኒቨርሲቲ ነው። ዩኒቨርሲቲ ለመምህራኑ ደመወዝ የሚከፍለው አስበው እንዲናገሩ ነውና።

በዚህ ጉዳይ ከወዳጆቼ ጋር በተከራከርን ቁጥር በእጄ የሚጨበጥ ምሳሌ አጣ ነበር። በመጨረሻ ያገኘሁት በንባብ፣ ያውም እጅግ ሩቅ ከሆነ ቦታ ነው፤ በካናዳ ምዕራባዊ ሜዳ፣ ሳስካቱን በምትባል ከተማ ካለው የሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ውስጥ። ካናዳን ምን አመጣው ትሉኝ ይሆናል። እኛና ካናዳውያን በዚህ ነገር ባዳ አይደለንም። በ1943 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆኑት ካናዳዊው የጀስዊት ማኅበር አባል ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። እንግዲህ እነዚያ ሰዎች በአገራቸው ዩኒቨርሲቲን እንዴት እንደሚያስተዳድሩ መጠየቅ ለእኛ የባዕድ ወሬ አይሆንም። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳስካችዋን ራሷን የቻለች ክፍለ ሀገር የሆነችው በ1905 ነው። ሕዝቧ ገና መሬት በማቅናት ላይ የነበረ ገበሬ ነው፤ ብዙው ከነሣሩ ተቆርጦ በተነባበረ አፈር በሠራው ጎጆ ውስጥ ይኖር ነበር። እንዲህ ያለው ሕዝብ መንገዱንና ድልድዩን እስኪጨርስ ሳይጠብቅ በ1907 የዩኒቨርሲቲ ዐዋጅ አወጣ። ዐዋጁ ሥልጣንን በአንድ እጅ አላስቀመጠም። ገንዘቡንና ንብረቱን ለአስተዳደር ቦርድ፣ የትምህርቱን ጉዳይ ለመምህራን ጉባኤ፣ የውጭውን ሕዝብ ድምፅ ደግሞ ለሴኔት አከፋፈለ። መንግሥት በጀት ይሰጣል፤ መምህር የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን ግን ከሚኒስትሮች እጅ ወጥቶ በፕሬዚዳንቱ አቅራቢነት ለቦርዱ ተሰጠ። ይህ አካሄድ በ1906 የቶሮንቶን ዩኒቨርሲቲ ከፖለቲከኞች ጣልቃ ገብነት ለማላቀቅ ከተደረገው ጥናት ብዙ የተማረ ነበር።

በ1908 የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነው የተሾሙት የፍልስፍና መምህሩ ዋልተር ሙሪ ናቸው። እኒህ ሰው ገና ሥራ ሲጀምሩ አንድ ሽንፈት ገጠማቸው። ዩኒቨርሲቲው የት ይሠራ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ እሳቸው የፈለጉት የክፍለ ሀገሩን ዋና ከተማ ሬጂናን ነበር። በ1909 ቦርዱ ድምፅ ሲሰጥ ግን ሳስካቱን ተመረጠች። ሙሪ ሥራቸውን ለመልቀቅ እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ሆኖም አልለቀቁም፤ ባልመረጧት ከተማ ከሃያ ሰባት ዓመት በላይ አገለገሉ። ትምህርቱ በዚያው ዓመት መስከረም ወር፣ በከተማው መካከል በሚገኝ የንግድ ሕንፃ ውስጥ፣ በ70 ተማሪዎች ተጀመረ። በ1910 የካናዳው ጠቅላይ ሚኒስትር ሰር ዊልፍሪድ ሎሪዬ መጥተው የመጀመሪያውን ሕንፃ የመሠረት ድንጋይ አኖሩ።

ሙሪ አንድ ትልቅ ውሳኔ ወሰኑ። በሌሎች ቦታዎች የግብርና ኮሌጅ ከዩኒቨርሲቲ ተለይቶ ራቅ ብሎ ይሠራ ነበር። እሳቸው ግን እርሻን ከፍልስፍናና ከሳይንስ ጋር በአንድ ግቢ አስቀመጡት። ግብሩን የሚከፍለው ገበሬ ልጁ የሚማርበትን ብቻ ሳይሆን ስንዴውን ሲያምበት የሚጠይቅበትንም ቦታ እንዲያገኝ ነው። ሙሪ እንዲህ ያሉ አርቆ አሳቢ ነበሩ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሚቀጥለው ታሪክ የክፉ ሰው ታሪክ እንዳይመስል ነው።

ዘመኑ 1919 ነው። የዩኒቨርሲቲው የሕዝብ ትምህርትና የእርሻ ምክር አገልግሎት ኃላፊ የነበሩት ሳሙኤል ግሪንዌይ፣ ፕሬዚዳንቱ በገንዘብና በሪፖርት ጉዳይ አጥፍተዋል ብለው ለክፍለ ሀገሩ መንግሥት አመለከቱ። ወሬው ሲሰማ የመምህራኑ ጉባኤ ተሰብስቦ በፕሬዚዳንቱ ላይ ያለውን እምነት በድምፅ ገለጸ። ከድምፁ ራሳቸውን ያገለሉ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ግሪንዌይ ራሳቸው፣ የሕግ መምህሩ አይራ ማኬይ፣ የፊዚክስ መምህሩ ጆን ሆግ እና የኬሚስትሪ መምህሩ ሮበርት ማክሎሪን። በዚያው በጋ ቦርዱ አራቱንም አሰናበተ። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ ዝርዝር ምክንያት አልሰጠም።

አራቱ ተራ ሰዎች አልነበሩም። ማክሎሪን ከስንዴ ገለባ ጋዝ አውጥተው መኪና የነዱ ተመራማሪ ናቸው። ማኬይ በኋላ በሞንትሪያል የማክጊል ዩኒቨርሲቲ የአርት ፋኩልቲ ዲን ሆነዋል። ስለዚህ ሕዝቡ ዝም አላለም፤ ጋዜጣው ጻፈ፣ ከተማው ተከፈለ። ሙሪም በጭንቀቱ ብዛት ጤናቸው ታወከ። በመጨረሻ ጉዳዩ በዐዋጁ መሠረት ለክፍለ ሀገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞች ቀረበ። ምስክር ተሰማ፣ መዝገብ ተመረመረ። በ1920 ዳኞቹ የቦርዱን ውሳኔ አጸኑት። የተሰናበቱት ተሸነፉ፤ ፕሬዚዳንቱም ሥራቸውን ቀጠሉ።

ፍርዱ ትክክል ነበርን? እኔ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ልቤ ከሁለት ይከፈላል። አንድ ተቋም ገና በእግሩ ሳይቆም ከውስጥ ሲናድ አለቃው ዝም ብሎ ይመልከት ማለት ይከብደኛል። በሌላ በኩል ድምፅ ባለመስጠቱ ብቻ ጥርጣሬ ውስጥ የገባ መምህር፣ ምክንያቱ በግልጽ ሳይነገረው ከወንበሩ ሲነሣ፣ የተቀሩት መምህራን ምን ትምህርት ይቀስማሉ? በሚቀጥለው ስብሰባ እጃቸውን የሚያወጡት አምነውበት ነው ወይስ ፈርተው? የዳኞቹ ፍርድ ይህን ጥያቄ አልመለሰውም። አንድ ነገር ግን አስመዝግቦ አልፏል። የተባረረው ሰው የሚሄድበት በር ነበረው፤ ያባረረውም አካል በዳኛ ፊት ቆሞ ቃሉን ሰጥቷል።

ታሪክ ደግሞ አንዳንዴ ያሾፋል። በማክሎሪን ምትክ የኬሚስትሪውን ክፍል በኃላፊነት የያዙት አይስላንድ የተወለዱት ቶርበርጉር ቶርቫልድሰን ናቸው። በዚያ ሜዳ የአፈሩ ጨው ወደ ኮንክሪት ሰርጎ እየገባ የሕንፃ መሠረት ይፈረካከስ ነበር። ቶርቫልድሰን በዓመታት ምርምር የዚህን ጨው ጉዳት የሚቋቋም ሲሚንቶ እንዲገኝ አደረጉ። ባልደረባቸው ዋልተር ቶምሰን ደግሞ ዋግ የሚቋቋም ስንዴ ለማግኘት የስንዴን የዘር ባሕርይ ሲመረምሩ ኖሩ። ሁለቱም ጥያቄዎች የመጡት ከግብር ከፋዩ ደጃፍ ነው፤ መልሳቸው ግን በአንድ የበጀት ዓመት የሚገኝ አልነበረም።

በ1930ዎቹ ድርቅና የኢኮኖሚ ድቀት አብረው መጡ። ስንዴው ነደደ፣ የመምህራን ደመወዝ ተቆረጠ። በዚያ ክፉ ዘመን ዩኒቨርሲቲው ያደረገው ሌላ ነገር አለ። ጆን ስፒንክስ የተባሉት ወጣት የኬሚስትሪ መምህር ጀርመን ሄደው ከፊዚክስ ሊቁ ከገርሃርድ ሄርዝበርግ ጋር ይሠሩ ነበር። የናዚ መንግሥት ሲመጣ ሄርዝበርግ፣ ሚስታቸው አይሁዳዊት በመሆናቸው፣ ሥራቸውን የሚያጡበት ሁኔታ ተፈጠረ። በስፒንክስ አማላጅነት፣ በሙሪ ፈቃድ፣ ከካርኔጊ ድርጅት በተገኘ ገንዘብ በ1935 ሳስካቱን ገቡና ዐሥር ዓመት ቆዩ። እኒህ ስደተኛ በ1971 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። በራስ አገር ደመወዝ እየተቆረጠ ለባዕድ ስደተኛ ወንበር ማዘጋጀት ለአንድ አለቃ ቀላል ውሳኔ አይደለም። በሙሪ ላይ የ1919ን ጉዳይ የሚመዘግብ ሰው ይህንንም አብሮ መመዝገብ አለበት።

ከሁሉም በላይ ወደ እኛ የሚጠጋው ግን የኮባልቱ ታሪክ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሃሮልድ ጆንስ የተባሉ የፊዚክስ መምህር፣ በአቶሚክ ማብላያ ውስጥ የተዘጋጀ ኮባልት 60 የተባለ ንጥረ ነገር ለካንሰር ሕክምና እንዲውል ከተማሪዎቻቸው ጋር መሣሪያ ሠሩ። በኅዳር 1951 ሳስካቱን ላይ የመጀመሪያዋ ሕመምተኛ በዚህ መሣሪያ ታከመች። የማኅፀን በር ካንሰር የነበረባት የልጆች እናት ናት፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ዐሥርት ዓመታት ኖራለች። የጨረሩን መጠን በጥንቃቄ ከለኩት ወጣቶች አንዷ የዩክሬን ስደተኞች ልጅ የሆኑት ሲልቪያ ፌዶሩክ ነበሩ። እኒህ ሴት በ1986 የዚያው ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር፣ በኋላም የክፍለ ሀገሩ የንግሥቲቱ እንደራሴ ለመሆን በቅተዋል። የኮባልት ሕክምና ከዚያ በኋላ ዓለምን አዳረሰ። አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ክፍል ሲያገለግል የኖረው በኮባልት መሣሪያ ነበር። እዚያ ወረፋ ሲጠብቁ ከነበሩት መካከል ዘመድ ወይም ጎረቤት የሌለው የከተማችን ሰው ጥቂት ይመስለኛል። የሩቅ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ደጃችን ድረስ የሚመጣው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ አስተዳደሩ ልመለስ። በ1995 የዩኒቨርሲቲው ዐዋጅ ተሻሻለ። መምህር ሁሉ ይገባበት የነበረው ጉባኤ ተወካዮች የሚመረጡበት የዩኒቨርሲቲ ካውንስል ሆነ። ቦርዱ ዐሥራ አንድ አባላት አሉት። አምስቱን መንግሥት ይሾማል፤ ሁለቱን ሴኔቱ ይመርጣል፤ የተቀሩት ቻንስለሩ፣ ፕሬዚዳንቱ፣ አንድ የመምህራን ተወካይና የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ናቸው። አስተውሉ፤ የመንግሥት ተሿሚዎች ብቻቸውን አብላጫ ድምፅ አይሆኑም። ተማሪውም ከቻንስለሩ ጎን ተቀምጦ እኩል ድምፅ ይሰጣል።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ቻርተር የሚፈተንበት ቀን ግን መጣ። በ2013 አስተዳደሩ የበጀት ጉድለት ይመጣል ብሎ የትምህርት ክፍሎችን ሁሉ መዝኖ በደረጃ የሚያስቀምጥ፣ ዝቅ ያሉትን የሚያጥፍ ዕቅድ አወጣ። ዲኖቹ ዕቅዱን በአደባባይ እንዳይቃወሙ ተነገራቸው። በግንቦት 2014 የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበሩት ሮበርት በኪንግሃም «የዲኖቹ ዝምታ» የሚል ርእስ ሰጥተው ይህንኑ የሚያጋልጥ ደብዳቤ አወጡ። በማግሥቱ ከኃላፊነታቸው ብቻ ሳይሆን ከመምህርነታቸውም ተባረሩ። ከግቢው በጥበቃ ታጅበው ወጡ፤ ተመልሰው እንዳይገቡም ተከለከሉ።

ዘጠና አምስት ዓመት አልፎ ያው ታሪክ ተደገመ ማለት ነው። ፍጻሜው ግን አልተደገመም። በካናዳ በቋሚነት የተሾመ ፕሮፌሰር በአሳቡ ምክንያት ከመምህርነት አይነሣም የሚለው ልማድ በእነዚያ ዓመታት ሥር ሰዶ ነበር። ከየዩኒቨርሲቲው ተቃውሞ ጎረፈ፤ መምህሩም ተማሪውም ወጣ። በሁለተኛው ቀን የበኪንግሃም ፕሮፌሰርነት ተመለሰ፣ የዲንነቱ ቦታ ግን አልተመለሰም። ሳምንት ሳይሞላ የትምህርት ጉዳይ ምክትሉ ብሬት ፌርቤርን ከሥልጣን ለቀቁ። ግንቦት 21 ቀን ቦርዱ ፕሬዚዳንቷን አይሊን ቡሽ ቪሽኒያክን አሰናበተ። የቀድሞው የንግሥቲቱ እንደራሴ ጎርደን ባርንሃርት ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ያ ዕቅድም ቆመ። ደብዳቤው ከወጣበት ቀን ፕሬዚዳንቷ እስከተሰናበቱበት ድረስ ስምንት ቀን ብቻ ነው።

ይህን የምተርከው «ካናዳ ገነት ናት» ለማለት አይደለም። በዐዋጅ የተጠበቀ፣ መምህርም ተማሪም የተወከለበት ተቋም እንኳ አንድን ሰው በደብዳቤ ምክንያት በዘበኛ አስወጥቷል። እንግዲህ ጥሩ ቻርተር ጥፋትን አያስቀርም። ማድረግ የሚችለው ጥፋቱ ተሸፍኖ እንዳይቀር፣ የሚያርመውም አካል በዚያው ግቢ ውስጥ እንዲገኝ ነው። ፕሬዚዳንቷን ያነሣቸው ጦር ወይም ሚኒስትር አይደለም፤ የሾማቸው ቦርድ ነው። ሥልጣኑ በብዙ እጅ ስለተከፋፈለ አንደኛው ሲሳሳት ሌላው የሚይዘው ነገር አለው።

በ70 ተማሪዎች የተጀመረው ያ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ወደ 25 ሺህ ተማሪ ያስተምራል፤ በ2004 የተመረቀው ታላቁ የሲንክሮትሮን የምርምር ማዕከልም በግቢው ውስጥ ነው። ስንዴውን፣ ሲሚንቶውን፣ ኮባልቱን ያስገኙት ሰዎች ረጅም ዓመታት በአንድ ጥያቄ ላይ ለመቀመጥ የቻሉት፣ ነገ ወንበሬን ማን ይወስደው ይሆን እያሉ ባለማደራቸው ይመስለኛል። ፍርሃት ያለበት ቤት ሰው የዓመቱን ሪፖርት ይጽፋል እንጂ የሃያ ዓመት ምርምር አይጀምርም።

በእኛስ ዘንድ? አንባቢ የየራሱ ትዝታ ስላለው እኔ አልዘረዝረውም። አንድ ነገር ብቻ ልለምን። ልጁን ወይም እኅቱን ዩኒቨርሲቲ የላከ ሰው የሕንፃውን ቁጥር ከመጠየቁ አስቀድሞ ይህን ይጠይቅልኝ፤ በዚያ ግቢ መምህሩ አለቃው ተሳስቷል ብሎ ቢጽፍ፣ በማግሥቱ የሚያንኳኳው በር የትኛው ነው?