የዓይን ብሌን ምስክርነት

ፎቶግራፍ አይቶ ምን እንደተሰማው የተጠየቀ ሰው ሁልጊዜ እውነቱን አይናገርም፤ ያፍራል፣ ይግደረደራል። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቡና ሊቅ ኤክሃርድ ሄስ ለዚህ መላ ያገኘው ከመኝታ ቤቱ ነበር። አንድ ማታ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ያማሩ የእንስሳት ፎቶግራፎች ያሉበትን መጽሐፍ ሲያገላብጥ፣ ባለቤቱ የዓይኑ ብሌን መስፋቱን አይታ መብራቱ ሳያንስህ አይቀርም አለችው። መብራቱ ግን በቂ ነበር።

በማግሥቱ ለረዳቱ ለጄምስ ፖልት የመልክዓ ምድር ፎቶግራፎች እያሳየ የሴት ፎቶግራፍ ጣልቃ አስገባ፤ ብሌኑ ሰፋ! ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተሙት ጥናት የሴቶች ብሌን እናትና ሕፃን ሲያዩ፣ የወንዶች ደግሞ ራቁቷን ሴት ሲያዩ ይበልጥ እንደሚሰፋ ገለጹ። የተመረመሩት ግን 6 ሰዎች ብቻ እንደነበሩ ልብ ይሏል። ሄስ በኋላ ብሌን ደስ በሚያሰኝ ሥዕል ይሰፋል፣ በሚያስጠላ ይጠባል እስከማለት ደረሰ። የማስታወቂያ ሰዎች ጆሯቸውን አቆሙ። ደንበኛው ሳይጠየቅ ልቡ የሚነበብበትን መሣሪያ ማን ይጠላል?

ይሁን እንጂ የፎቶግራፉ ድምቀትና ጨለማም ብቻውን ብሌንን ያጠባል፣ ያሰፋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ማርጋሬት ብራድሌይና ፒተር ላንግ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሥዕሎቹን ብርሃን አመጣጥነው ሲለኩ፣ ብሌን በሚያስደስተውም በሚዘገንነውም ሰፋ። የስሜትን ብርታት እንጂ ዓይነቱን አይናገርም ማለት ነው። እነላንግም ሰውየውን መጠየቅ አልተዉም፤ ከሚስቅ እስከሚያዝን የተደረደሩ ትንንሽ የሰው ሥዕሎች ይቀርቡለትና የራሱን ስሜት የሚመስለውን ይመርጣል።