ቴክ (የፊደል ለቀማ ሶፍትዌር)

ቴክ አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ዶናልድ ክኑዝ ከ1977 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሠራው የፊደል ለቀማና የገጽ ዝግጅት ሶፍትዌር ነው። ክኑዝ ለዚህ የተነሣሣው ከጻፋቸው መጻሕፍት የአንዱ ሁለተኛ ቅጽ በፎቶ ለቀማ ተዘጋጅቶ ለእርማት ሲቀርብለት በጥራቱ ባለመርካቱ ነው።

ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ፊደል ቁመትና ወርድ እንዳለው ሳጥን፣ የቃላትን ክፍተት ደግሞ እንደሚለጠጥና እንደሚጨመቅ ነገር ይቆጥራል። መስመር የሚቆርጠው የአንቀጹን መስመሮች በሙሉ አመዛዝኖ ስለሆነ፣ የቃላት ርቀት ከመስመር መስመር ጎልቶ አይለያይም። እንደ ‹ኤፍ› እና ‹አይ› ያሉ የላቲን ፊደላትን በአንድ ቅርጽ ያጣምራል፤ ‹ኤ› እና ‹ቪ› ሲጎራበቱም ያቀራርባቸዋል። ትንሹ የርዝመት መለኪያው የአንድ ፖይንት 1/65536ኛ ነው። ከቴክ የተገኘው ዚቴክ ዩኒኮድን ስለሚቀበል የግዕዝ ፊደልንም ያቀናብራል።