ያልተላገ ድምፅ ወዳጆች

በሰቆጣና በዙሪያዋ ባሉት የዋግ ደጋዎች፣ እንደ ሌሎቹም የሰሜን ኢትዮጵያ ተራራማ አገሮች፣ ፎካሪ ከተቀመጠበት ዘሎ ሲነሣ ማንም የድምፅ ማማር አይጠብቅበትም። ጉሮሮው ሊሻክር፣ ትንፋሹ ሊቆራረጥ፣ ቃሉ ከዜማው ሊቀድም ይችላል። አድማጩ ግን ይህን ከጉድለት አይቆጥረውም፤ ድምፁ በሻከረ መጠን ደሙ ይሞቃል፣ በጩኸትና በእልልታ ያግዘዋል። በዚህ ሥርዓት የድምፁ እኩሌታ የአድማጩ ነው። ጥሬና ጉልበተኛ ሙዚቃን መውደድ ምን ማለት እንደ ሆነ ለመመርመር የሚሻ ሰው ከዚህ ቢነሣ አይሳሳትም።

ቀረርቶ ድምፅን አርዝሞ ከገደል ገደል ያስተጋባል፤ ፉከራ ቃልን እየቆረጠ ይወረውራል፤ ሽለላ የተዋጊውን ልብ ይቀሰቅሳል። እነዚህ ለጌጥ የተፈጠሩ አይደሉም። ዋግ ሹም ጎበዜ ከዚህ ምድር ተነሥተው ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ በመባል እ.ኤ.አ. ከ1868 እስከ 1871 ነግሠዋል። እ.ኤ.አ. በ1937 ደግሞ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በፋሺስት ኢጣልያ ጦር ላይ ሕዝባቸውን አስነሥተው በአርበኝነት ወድቀዋል። እንዲህ ባለ አገር ፎካሪ የሚናገረው ነፍሱን አሲዞ ነው። ነፍሱን ያስያዘ ሰው ደግሞ ድምፁን ለማለስለስ ጊዜ የለውም። የጥሬ ድምፅ ውበት ምንጩ ይኸው ነው፤ በቃሉና በሕይወቱ መካከል ክፍተት አይታይበትም።

ይህን የመሰለው ፍቅር በሌላ ዓለም፣ ከጦርነት በራቀ ኑሮ ውስጥም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ ወጣቶች በወላጆቻቸው የመኪና ማቆሚያ ቤት እየተሰበሰቡ፣ በርካሽ ጊታርና በሚያንቋርር ማጉያ፣ ጥቂት ኮርዶችን ብቻ ይዘው ይጮኹ ነበር። ሙዚቃቸው ኋላ ጋራዥ ሮክ ተባለ። አብዛኞቹ ጓዶች አንድ ሁለት ሸክላ አስቀርጸው ተበተኑ። ከመረሳት ያዳናቸው ገበያው ሳይሆን ወዳጃቸው ነው። ሌኒ ኬይ የተባለ የሙዚቃ ጸሐፊና ጊታር ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1972 የተበታተኑትን ዘፈኖች መርጦ «ናጌትስ» በሚል ስም በአንድ ስብስብ አወጣቸው። ያም ስብስብ ኋላ ለመጣው የፓንክ ትውልድ ስንቅ ሆነ።

በኢትዮጵያስ? በአዲስ አበባ የዘመናዊ ሙዚቃ አነሣሥ ከጋራዥ ሳይሆን ከመንግሥት ተቋም ነው። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የማዘጋጃ ቤትና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራዎች ሙዚቀኛውን በኖታና በዲሲፕሊን አሳደጉት። ሆኖም ከእነዚሁ መካከል ያልተላገው ድምፅ ብቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1935 በይፋት የተወለደው ጌታቸው መኩሪያ በልጅነቱ ክራርና ማሲንቆ ከተለማመደ በኋላ ወደ ክላርኔትና ሳክስፎን ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1949 በማዘጋጃ ቤት ባንድ ሥራ ጀመረ፤ በ1955 ወደ ቴአትር ቤቱ፣ በ1965 ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወረ። የታላቅነቱ ምሥጢር ሽለላን በሳክስፎን ማናገሩ ነው። የፎካሪውን መሻከር፣ የትንፋሹን መቆራረጥ፣ የቃሉን መወርወር ከናስ በተሠራ መሣሪያ አወጣው። የጦረኛ ለምድና የአንበሳ ጎፈር ለብሶ መድረክ ላይ ሲወጣም ተመልካቹ የሚያውቀውን ሰው በአዲስ መሣሪያ አገኘው። የውጭ ሐያስያን ኋላ ከአሜሪካኖቹ ከኦርኔት ኮልማንና ከአልበርት አይለር ጋር አነጻጽረውታል። ይሁን እንጂ የእርሱ ትምህርት ቤት የአገሩ ሽለላ ነበር።

በሌላ በኩል የዓለሙ ሙዚቃ ፍቅር በቀጥታ የማረካቸው ወጣቶች ነበሩ። ዓለማየሁ እሸቴ ዘፋኝ ከመሆኑ በፊት አፍቃሪ ነበር፤ የኤልቪስ ፕሪስሊን ፊልም እያየ፣ አለባበሱንና አዘፋፈኑን እየተከተለ አደገ። መኮረጁ ግን መነሻው እንጂ መድረሻው አልሆነም፤ ጩኸቱን ለአማርኛ ቃል አስገዛው። እ.ኤ.አ. በ1948 የሸክላ ማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ስለ ነበር የግል አሳታሚ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1969 ዐምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ይህን አጥር ጥሶ የራሱን የሸክላ ድርጅት ሲያቋቁም የመጀመሪያ ሥራው የዓለማየሁ «ትማርኪያለሽ» ሆነ። ድርጅቱ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትናንሽ ሸክላዎችን አሳትሟል። ዘፋኙና ባንዱ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ትንፋሽ ይቀረጹ ስለ ነበር የላቡ ሙቀት እስከ ዛሬ ከሸክላዎቹ አልጠፋም።

ያ ዘመን ረዥም አልነበረም። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ የሌሊቱን መድረክ ዘጋው፤ ዐምሃ እሸቴ በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ካሴት ሸክላን ተካ። ሸክላዎቹም በየቤቱ ጓዳ አቧራ ለበሱ።

እንደ አሜሪካኖቹ ጓዶች ሁሉ እነዚህንም ከመረሳት ያወጧቸው ወዳጆች ናቸው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1980ዎቹ የማሕሙድ አሕመድን አንድ ሸክላ ሰምቶ ልቡ ስለ ተነካ ምንጩን ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። «እሬ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1986 በአውሮፓ እንዲወጣ አደረገ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻም «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ስብስብ ጀመረ። የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎንም በዚሁ ተከታታይ ለዓለም ተሰማ።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን የሆላንዶቹ ታሪክ ነው። ዘ ኤክስ እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተ የፓንክ ባንድ ነው። አባላቱ ሻካራ ጊታርና ያልተገራ ምት የሚወዱ፣ ልስላሴን የሚጠራጠሩ ሰዎች ናቸው። በ2004 የባንዱን 25ኛ ዓመት ሲያከብሩ ጌታቸውን ወደ አምስተርዳም ጋበዙት። በሰባ ዓመት ዕድሜ ዋዜማ የነበረው ሽማግሌም ከእነርሱ ጋር ተጫውቶ ሲያበቃ፣ ሸክላ እንዲያስቀርጹ የጠየቀው እርሱ ራሱ ነበር። «ሞዐ አንበሳ» በ2006 ወጣ፤ ሁለተኛው ሥራቸው በ2012 ተከተለ። የይፋቱ ሽለላ አስተጋቢና የአምስተርዳም ፓንኮች በቋንቋ አይግባቡም ይሆናል፤ በድምፅ ግን ገና ከመጀመሪያው ተዋወቁ። ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ2016 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ያ ወዳጅነት ፍሬ ሲያፈራ ኖሯል።

አንዳንዶች ጥሬ ድምፅን ካለመሠልጠን ጋር ያያይዙታል። የጌታቸው ሕይወት ይህን ይሽራል፤ በኦርኬስትራ ሥነ ሥርዓት ያደገ ባለሙያ ነበር። ሻካራነቱ የመረጠው ነው። አደጋውም እዚህ ላይ ነው፤ በመድረክ ስም የሕዝብ ድምፅ ሲላግ፣ ሲለሰልስና ሲቆራረጥ የሚጠፋው ራሱ ጉልበቱ ነው።

ወደ ሰቆጣ እንመለስ። የዋግ ሕዝብ አማርኛ ብቻ አይናገርም፤ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ የሆነው ኽምጣና የብዙዎቹ የአፍ መፍቻ ነው። በዚህ ቋንቋ የሚዘፈነውና የሚፎከረው ሁሉ የራሱን ሻካራነትና የራሱን ትንፋሽ የያዘ ነው። የአዲስ አበባ ሸክላዎች ከጓዳ የወጡት ባዕድ አፍቃሪ አገር አቋርጦ ስለ ፈለጋቸው ነው። የዋግ ድምፅስ ከሩቅ የሚመጣ ወዳጅ እስኪያገኝ ይጠብቅ? መምህሩ ከተማሪዎቹ ጋር፣ የባህል ሠራተኛው በየመንደሩ፣ አርቲስቱም በየመድረኩ መዝጋቢና አፍቃሪ ቢሆኑ መጠበቅ አያሻውም። ሲመዘግቡም ጉሮሮው እንደ ሻከረ፣ የአድማጩ እልልታ እንደ ተቀላቀለበት ይመዝግቡት። ፎካሪው ያለ አድማጩ ጩኸት ምሉዕ አልነበረምና።