ከ«በሕግ አምላክ» እስከ ፊሽካ

በአማርኛ «ትራፊክ» ማለት ሰው ነው። ሌላው ዓለም በቃሉ የሚጠራው የመኪኖችን ምልልስ ሲሆን እኛ ግን ፊሽካ ይዞ መስቀለኛ መንገድ ላይ ለቆመው ፖሊስ ሰጥተነዋል። «ትራፊክ ያዘኝ» ያለ ሹፌር መንገድ ተዘጋጋብኝ ማለቱ አይደለም፤ መንጃ ፈቃዴን ተቀበሉኝ ማለቱ ነው። «እዚያ ጋ ትራፊክ የለም» ከተባለ ደግሞ እንደልባችሁ ታጠፉ ማለት ነው። ሕጉ ከሰውየው ጋር ይመጣል፣ ከሰውየው ጋር ይሄዳል።

ለመሆኑ ይህ ነገር ከየት መጣብን? የሀበሻ ልጅ ሕግ አይወድም የሚሉ አሉ። እኛ አንስማማም። የታሪክ መዛግብት ሌላ ነገር ነው የሚነግሩን።

ፖሊስ የሚባል ተቋም ከመምጣቱ በፊት በዚህች አገር መንገድ ላይ ሰው የሚያስቆመው በቃል ነበር። «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ይቆማል። ባላጋራው ጉልበተኛ ይሁን ደካማ፣ ያስቆመው ሹም ይሁን ተራ ገበሬ፣ ቃሉ ከተጠራ መሄድ ነውር ነው። ከዚያ ከሳሽና ተከሳሽ የኩታቸውን ጫፍ ለጫፍ ያስሩና ተያይዘው ወደ ዳኛ ይጓዛሉ። ቁራኛ ማለት ይህ ነው። መንገደኛ አግኝተው «አንተ ዳኘን» ቢሉትም መንገደኛው ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ግራ ቀኙን ይሰማል። ወደ አገራችን የመጡ የውጭ ተጓዦች ይህን አይተው ተደንቀው ጽፈዋል፤ ፎቶግራፍ ያነሱም አሉ። እስቲ አስቡት፣ ሁለት የተጣሉ ሰዎች ጠባቂ ሳይኖራቸው በአንድ ቋጠሮ ታስረው ተራራ ሲወጡና ሲወርዱ! ቋጠሮውን መፍታት የሚከለክላቸው የሌላው ሰው ዓይን ብቻ ነው።

የድሮውን ሁሉ ማር አድርገን ልናቀርብ ግን አንፈልግም። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባል ነገርም ነበር። ወንጀለኛው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሙሉ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ እንዳይበተን ይደረጋል፤ እርሻው ይቅር፣ ከብቱ ይጥፋ። ስለ ትልልቆቹ ከተነሳ ደግሞ «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ተብሎ ተዘግቷል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረትም ትራፊክ ፖሊስ ሳይፈጠር የተተረተ ነው። ያም ሆኖ ሕጉ የሁሉም ነበር፤ ማንም ሊጠራው ይችላል።

መኪና ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ በኩል አንዷን እየነዳና እያስጎተተ ለአፄ ምኒልክ አመጣ። በዚያው ዘመን ከተማዋን የሚጠብቁት የአራዳ ዘበኞች ነበሩ፤ ስማቸውን ያገኙት ከአራዳ ገበያ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንበል። የመጀመሪያዎቹን የከተማ ፖሊሶች የሰጠን ሰፈር፣ ዘበኛን ጭምር በብልጠት ለሚያመልጥ ሰው መጠሪያ የሆነውን «አራዳ» የሚለውን ቃልም የሰጠን እሱ ነው። ሕግ አስከባሪውና የሚያመልጠው አንድ ሰፈር ተወለዱ።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን ገዛ። በዚህ ጊዜ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የቆመው ፖሊስ የባዕድ ፖሊስ ነበር፤ ሥራውም ነጩን ከጥቁሩ መለየትን ይጨምራል። የመንገድ ቃላችንን እስቲ ቁጠሩት፦ መኪና፣ ታርጋ፣ ፍሬን፣ ሊብሬ፣ ቦሎ፣ ፌርማታ፣ ፊሽካ። አብዛኞቹ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። በባዕድ ቋንቋ የተማርነውን ሥርዓት እንደ ራሳችን ማየት ቢከብደን አይፈረድብንም ብለን እናስባለን። ለኩታው ቋጠሮ ግን የራሳችን ቃል ነበረን።

ከነጻነት በኋላ ፖሊስ በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቋመ፤ በ1930ዎቹ መገባደጃ ደግሞ አባዲና ኮሌጅ መኮንኖችን ማሠልጠን ጀመረ። ዩኒፎርሙም ሥልጠናውም ተሟላ። ተጠሪነቱ ግን ወደ ላይ ነበር፤ የፖሊሱ አለቃ ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ውስጥ ገብተው ሕይወታቸውን ሲያጡ፣ ፖሊስ የቤተ መንግሥት ጉዳይ እንጂ የሰፈር ጉዳይ አለመሆኑ ለሁሉም ታየ።

እኛን በጣም የሚገርመን የ1956 ዓ.ም. ታሪክ ነው። እስከዚያ ዓመት ድረስ ኢትዮጵያ የምትነዳው በግራ ነበር፤ በዚያ ዓመት ወደ ቀኝ ተዛወረች። ለዘመናት በአንድ ጎን የሄደ ሹፌር ተነስቶ በሌላው ጎን መንዳት ጀመረ! የዛሬው ሹፌር ያን የሚያህል ለውጥ ቢታወጅበት ምን እንደሚል መገመት አያቅትም። እንግዲህ ሕዝቡ ትእዛዝ አይቀበልም የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ይወድቃል። ለምን እንደሆነ የተነገረውና በሁሉም ላይ እኩል የሚሠራ ደንብ ሲመጣ ሰው ተቀብሏል።

ከዚያ ወዲህ ግን መንገዱ የፖለቲካ ሜዳ ሆነ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ ከመምህራንና ከተማሪዎች ጋር ሆነው የዘውዱን ሥርዓት ካነቃነቁት መካከል ናቸው። ጥቅምት 1998 ዓ.ም. ላይ ደግሞ ከምርጫው ውዝግብ ጋር በተያያዘ ተቃዋሚዎች ሹፌሮች ጡሩምባ እንዲነፉ ጠሩ። የነፉ ታሰሩ። በሰኔ 1997ና በጥቅምት 1998 በተነሳው ግጭት 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ራሱ ፓርላማው ያቋቋመው የአጣሪ ኮሚሽን አባላት ገልጸዋል፤ ሰብሳቢው ከአገር ወጥተው ነው የተናገሩት። ከዚያ በኋላ ጡሩምባ ያለአግባብ ነፋህ ብሎ የሚቀጣ ትራፊክ ምን ዓይነት ፊት እንደሚጠብቀው አስቡት። ልጁ የመንገድ ደኅንነት ሊያስከብር ቆሞ ይሆናል። ያየው ሰው ግን የሚያስታውሰው ሌላ ነገር ነው።

በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 208 ለጥፋት ነጥብ ይያዝ የሚል አሠራር ይዞ መጣ። በወረቀት ላይ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ጉቦ ሰጥቶ የሚያልፈውን ደጋግሞ ጥፋተኛ ውሎ አድሮ ይይዘዋል። የካቲት 21 ቀን 2008 ዓ.ም. ግን ጠበቅ ያለው አሠራር ሊጀመር ሲል የአዲስ አበባ ታክሲዎች ቆሙ። ከተማው በእግሩ ሄደ። መንግሥትም አሠራሩን ለሦስት ወር አራዘመው። ባለታክሲው ነጥቡ ሲጠራቀም መንጃ ፈቃዴ ይታገዳል፣ እንጀራዬ ይዘጋል አለ። ነጥቡን የሚይዘው ደግሞ ያው ትናንት «ሻይ ጋብዘኝ» ያለው ሰው ነው ብሎ ያምናል። ሁሉም ትራፊክ እንዲህ አይደለም፤ በፀሐይና በዝናብ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ጭስ እየጠጣ የሚውለውን እናውቃለን። ችግሩ ሹፌሩ አንዱን ከሌላው የሚለይበት፣ አቤት ብሎም ቶሎ የሚሰማበት ቦታ ማጣቱ ነው። ድሮ የኩታው ቋጠሮ ሁለቱንም ወገን እኩል ነበር የሚያስረው። ታርጋ ሲፈታ የሚታሰረው አንዱ ብቻ ነው።

ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ ከ100 ሺህ ሰው 26.7ቱ በዓመት በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ በእግሩ የሚሄደው መኪና የሌለው ነው፣ የሚገጨውም እሱ ነው። ታዲያ ሚኒባስ ውስጥ ምን እናደርጋለን? ረዳቱ ትርፍ ይጭናል። መንገዱ ላይ ፊሽካ ሲታይ «ዝቅ በሉ፣ ዝቅ በሉ!» ይላል። እኛም ቦርሳችንን አቅፈን፣ እየሳቅን፣ ጎንበስ እንላለን። ትርፍ መጫንን የከለከለው ሕግ የወጣው ለእኛው ነፍስ ነበር። ትራፊኩ እስኪያልፍ ድረስ ሕፃን የያዘችዋ እናት ሳትቀር ዝቅ ትላለች፤ ከዚያ ቀና ብለን ስለ ትራፊኮች ክፋት እያወራን እንሄዳለን።